ጠርሙሱን ከመክፈትሽ በፊት

ልጄ፣ እኅትሽ ከዓረብ አገር የላከችልሽን ሚኖክሲዲል የተባለ የጸጉር ማብቀያ መድኃኒት አሳይተሽኝ «ልቀባው ወይ?» ብለሻል። የምመክርሽ ይኸውልሽ።

1. መጀመሪያ ጸጉርሽ የሚረግፍበትን ምክንያት እወቂ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በግንባርሽና በጆሮ ግንድሽ በኩል ከሳሳ ሹሩባው ጠብቆብሽ ይሆናል፤ ሳይቆይ ከላላ ያለ መድኃኒትም ይመለሳል። ከወሊድ ወይም ከከባድ ትኩሳት ሁለት ሦስት ወር በኋላ የሚረግፈው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ይተካል። ክብ እየሠራ ልሙጥ የሚያደርገው ላሽ ነው። የልጆችን ራስ የሚያሳክከውና ቅርፊት የሚያወጣበት ቆረቆር ደግሞ የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ሚኖክሲዲል አያድነውም።

2. ይህን ራስሽ አትፍረጂ። ወገዳም ሁኚ አርብ ገበያ፣ ነፋስ መውጫም ሁኚ መካነ ኢየሱስ፣ ቅርብሽ ካለው ጤና ተቋም ታዪ። የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ ሪፈር ይጽፉልሻል።

3. መድኃኒት እንጂ የጸጉር ቅባት አይደለም። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ የዋጡት ሰዎች ጸጉር ሲያበቅሉ ታይቶ የሚቀባው ተዘጋጀ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ለወንዶች ፈቀደችው፤ ሴቶች በኋላ ተከተሉ። እንግዲህ የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሳያማክር አይንካው። ልብሽ በፍጥነት ቢመታ፣ ራስሽን ቢያዞርሽ፣ ደረትሽን ቢወጋሽ ወይም እግርሽ ቢያብጥ አቁመሽ ወደ ሐኪም ሂጂ።

4. ካረገዝሽ ወይም ጡት የምታጠቢ ከሆነ ተይው።

5. መጠኑን ጠብቂ። ለሴት የተዘጋጀው 2 በመቶው ፈሳሽ ጠዋት 1 ሚሊ ሊትር፣ ማታም 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከዚያ በላይ ብታፈሺ ጸጉሩ አይፈጥንም፣ ጉዳቱ ግን ይጨምራል። ቁስል በሌለው ደረቅ የራስ ቆዳ ላይ አድርጊው፤ ቅቤ በተቀባ ራስ ላይ አይደረብም። እጅሽን ታጠቢ። ማታ ከመተኛትሽ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድመሽ ቀቢው፤ ወደ ፊትሽ ከወረደ በማትፈልጊው ቦታ ጸጉር ያበቅላል።

6. ቤትሽን አስቢ። ፈሳሹ አልኮል ስላለው እስኪደርቅ ከምድጃና ከኩራዝ ራቂ። አይጥ የምትጠብቅልሽ ድመት ጥቂት ብትልስ ልትሞት ትችላለች። ሕፃንም የቀባሽውን ራስ አይንካ፤ ጠርሙሱንም እጁ ከማይደርስበት አስቀምጪ።

7. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጸጉርሽ ይብስ ቢረግፍ አትደንግጪ፤ አሮጌው ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነው። ውጤቱን ለማየት ቢያንስ አራት ወር ይፈልጋል።

8. ከሁሉ በላይ ይህን አስቢበት፦ ካቆምሽው የበቀለው በጥቂት ወራት ተመልሶ ይረግፋል። 60 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በቀን ሁለቴ ሲቀባ የአንድ ወር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ይህችን ጠርሙስ ልቀባ ወይ?» ሳይሆን «በየወሩ የሚተካልኝ አለ ወይ?» ነው። እኅትሽ ዘንድሮ ብትልክ ለከርሞ ማን ያውቃል? የማትዘልቂበት ከሆነ ሳትጀምሪው ብትቀሪ ይሻላል።

9. ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ጠርሙሱን ከነካርቶኑና ከነወረቀቱ ያዥው። ስንት በመቶ እንደሆነና ጊዜው እንዳላለፈበት ያንብቡልሽ፤ ጽሑፉ ከጠፋ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ ከመጣ አትቀቢው።