ቤትና ደጅ፤ ስለ ሐድያና ከምባታ ከተሞች አጭር ጥናት

ከተማ የቤቶች ክምችት ብቻ አይደለም። ቤቱ በዝቶ ሳለ ነዋሪው «ይህ አገሬ ነው» ለማለት ካልቻለ፥ ያ ሥፍራ ማደሪያ እንጂ ከተማ አይባልም። ታዲያ ይህ ስሜት ከምን ይመነጫል? የሐድያንና የከምባታን ከተሞች ምሳሌ አድርገን እንመርምረው።

በመጀመሪያ ነባሩን ቤት እንመልከት። የገበሬው ቤት ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ነው። ከጀርባው የእንሰት ተክል አለ፤ ከፊቱ ሣር የለበሰ ደጅ ተዘርግቷል። የዚህ አሠራር ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንሰቱ የቤተ ሰቡ ጎተራ ነው፤ ደጁ ግን የጎረቤትም ነው። ልቅሶ የሚቀመጡት፥ የተጣላ የሚያስታርቁት፥ ልጆች የሚጫወቱት በዚያ ነው። ሐድያ የጎረቤታሞችን ሸንጎ ናፈራ ይለዋል። እንግዲህ ሰው ቤት ሲሠራ ለራሱ ብቻ አይሠራም ነበር።

አሁን ወደ ከተማው እንለፍ። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ ሁለት ስም ያላት ከተማ ናት። ሆሳዕና የበዓል ስም ነው፤ ዋቸሞ ደግሞ የነባሩ ሕዝብ መጠሪያ ሲሆን ዩኒቨርሲቲዋ የሚጠራው በዚሁ ነው። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን መኖራቸው ከተማይቱ የነባሩም የመጤውም መሆንዋን ያስታውሳል።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች። ዱራሜም የከምባታ ዞን ዋና ከተማ ናት። ፎቅ በዝቷል። ከሕንፃዎቹ ጥቂት የማይባሉት የተሠሩት ወደ ደቡብ አፍሪካ በተሰደዱ ወጣቶች ገንዘብ ነው። ወጣቱ በጆሃንስበርግ ሱቅ እየጠበቀ ቤቱን በሆሳዕና የሚያቆመው ለምንድን ነው? ሕንፃው ለጎረቤት «አልጠፋሁም፤ ዛሬም የእናንተው ነኝ» የሚል መልእክት ስለሆነ ነው።

ነገር ግን መልእክቱ ሰሚ ይፈልጋል። በመስከረም የሐድያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ ሲደርሱ በሬው በጋራ ይታረዳል፤ ሴቶች በማኅበር ያጠራቀሙት ቅቤ ይወጣል፤ የራቀው ዘመድ ይመጣል። ሕንፃው ከአጥር እስከ አጥር ደጅ ያልተረፈለት እንደ ሆነ ይህ ሁሉ ሰው የት ይቀመጣል? በእንዲህ ያለው ቤት ባለቤቱ ሲመለስ የሚቀበለው ግድግዳ ብቻ ይሆናል።

አንዳንዶች የጎጆ ቅርጽ ያለው ጣሪያ በፎቅ ላይ ቢተከል ባሕል ተጠበቀ ይላሉ። ይህ መልክን ማዳን ነው፤ ባሕሉ የነበረው ግን በጣሪያው ሳይሆን በደጁ ነው። ስለዚህ ጣሪያው ቆርቆሮ፥ ግድግዳው ብሎኬት ቢሆን አያስነቅፍም። የሚያስፈልገው የከተማው ፕላን በየሰፈሩ የጋራ ሜዳ እንዲተው፥ ያም ሜዳ ለነባሩም ለመጤውም እኩል ክፍት እንዲሆን ነው።

ፕላን የሚነድፈው መሐንዲስ ነው። ሜዳው ለምን እንደ ነበረ ከሽማግሌዎች ጠይቆ፥ ጽፎ የሚያቀርብለት ግን ከእኛ ከአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ሌላ ማን ነው? በመጪው ክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ ሥራውን ከራሳችን ሰፈር እንጀምር።