የጥንካሬ ሥልጠናና ዮጋ በአንድ ዕቅድ፦ የሴት የረጅም ርቀት ሯጮች ጉዳይ

መግቢያ

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘች ወዲህ ኢትዮጵያውያት ሯጮች በዓለም አደባባይ ጎልተው ይታያሉ። ስለ ሥልጠና ሲነሳ ግን ውይይቱ በአብዛኛው በሚሮጠው ኪሎ ሜትርና በቦታው ከፍታ ላይ ያተኩራል። ክብደት ማንሳት «ሰውነትን ያከብዳል»፣ ዮጋም «ማፍታቻ ብቻ ነው» የሚሉ አስተያየቶች ይደመጣሉ። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ተደጋጋፊ መሆናቸውን፣ ጥቅማቸውም በቅደም ተከተላቸው እንደሚወሰን ያሳያል።

የጥንካሬ ሥልጠና ድርሻ

ጡንቻ ከባድ ጭነትን ደጋግሞ ሲቋቋም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዋናነት የሚሻሻለው ግዝፈቱ ሳይሆን ከነርቭ ጋር ያለው ቅንጅት ነው። ጅማትም እየጠነከረ ሲሄድ እግር መሬት በረገጠ ቁጥር ያጠራቀመውን ጉልበት የመመለስ አቅሙ ይጨምራል። በመሆኑም ሯጯ በዚያው ፍጥነት ስትሮጥ የምትጠቀመው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ይህም የሩጫ ቆጣቢነት ይባላል። ብዙ ኪሎ ሜትር መሮጥ ራሱ የጡንቻን ግዝፈት ስለሚገታ የመክበድ ስጋቱ መሠረቱ ደካማ ነው።

የዮጋ ድርሻና ገደብ

ሩጫ ከአንድ እግር ወደ ሌላው የሚደረግ ተከታታይ ዝላይ ነው። በአንድ እግር የሚቆምባቸው የዮጋ አቋቋሞች ሚዛንንና የዳሌን ቁጥጥር ያዳብራሉ፤ ዝግ ያለው አተነፋፈስም ሰውነትን ያረጋጋል። ሆኖም ዮጋ የሩጫን ጽናት አይተካም። ከዚህም በላይ አንድን ጡንቻ ከ60 ሰከንድ በላይ ወጥሮ መቆየት የጡንቻውን ኃይል ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ከክብደት ወይም ከፍጥነት ልምምድ በፊት ረጅም ውጥረት መሥራት አይመከርም።

የቅንጅቱ አሠራር

የጥንካሬ ሥልጠናው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቢያንስ በ48 ሰዓት ልዩነት ይሰጥ። ጀማሪዋ ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ በምትችለው ክብደት ትጀምር፤ አፈጻጸሟ ሲስተካከል ክብደቱ ይጨምር፣ ድግግሞሹም ይቀንስ። ሰውነት ማሟሟቂያው በእንቅስቃሴ ላይ የተመሠረተ ይሁን። ዮጋው ከሥልጠና በኋላ ወይም በቀላል ልምምድ ቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሠራ። ለውጡን ለመከታተል በተወሰነ ፍጥነት የሚለካ የልብ ምት፣ የዝላይ ከፍታና በአንድ እግር የመቆም ችሎታ በየጊዜው ይመዝገቡ።

ማጠቃለያ

ሥልጠና ሲጨመር ምግብና ዕረፍት ካልተጨመሩ ዕቅዱ ጉዳት ይሆናል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የጋራ አቋም የጉልበት እጥረት የወር አበባን፣ የአጥንትን ጤናና የስፖርት ብቃትን እንደሚያውክ አመልክቷል። የወር አበባ መቋረጥ የጠንካራ ሥልጠና ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ይልቁንም የሕክምና ምርመራ የሚሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለሆነም አሰልጣኙ ከሚመዘግባቸው መለኪያዎች ጎን ለጎን፣ ሯጯ ስለ ጤናዋ ያለ ሐፍረት የምትናገርበትን ሁኔታ ማመቻቸት የዕቅዱ አካል ሊሆን ይገባል።