በሞተር ውስጥ የወደቀ ዳዶ አወጣጥና ከቆሼ ስለሚገኘው ማግኔት

ይህ ጽሑፍ ለልማት ሠራተኞችና የመስኖ ፓምፕ፣ ትራክተር ወይም የጭነት መኪና ላላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። ፊልትሮ ሲለወጥ፣ ቺንጊያ ሲጠብቅ ወይም ባትሪ ሲታሰር ከእጅ አምልጦ ወደ ሞተሩ አካባቢ የሚገባ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ሮንዴላ ወይም ቪቴ እንዴት እንደሚፈለግና እንደሚወጣ ያስረዳል። ይህ የጋራዥ እንጂ የሰብል ባለሙያ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የሽንኩርት ሥር ወደ መሬት ብዙ አይጠልቅም፤ ኮረት በሚይዝበት ጊዜ ፓምፑ ለጥቂት ቀናት ቢቆም ምርቱ ይቀንሳል። በገንዘብ ሲሰላ ጉዳቱ የሚመጣው ከዳዶው ሳይሆን ከቆመው ውኃ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ዕቃው እስኪገኝ ድረስ ሞተሩ መነሣት እንደሌለበት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው «መሬት ወድቆ ይሆናል፣ ሌላ አምጣ» የሚለው ቃል ነው። ሌላ ዳዶ ይመጣል፣ ይታሰራል፣ ሞተሩም ይነሣል። የወደቀው በእርግጥ መሬት ላይ ከሆነ ምንም አይደርስም። በአየር ማስገቢያው በኩል ገብቶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ13 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታው የተለመደው ዳዶ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በናፍጣ ሞተር ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው ጋር የሚኖረው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በደቂቃ 1500 ዙር የሚዞር ሞተር ደግሞ እያንዳንዱን ፒስተን በሴኮንድ 25 ጊዜ ወደ ላይ ያወጣዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ድምፁን ሰምቶ ሞተሩን እስኪያጠፋ ድረስ ፒስተኑ ተመትቶ፣ ቫልቩ ተጣሞ፣ ቴስታታው ተሰንጥቆ ሊገኝ ይችላል።

ዕቃው ሲወድቅ የሚሠራው ሰው ባለበት ቆሞ ማዳመጥ ይኖርበታል። ቆርቆሮ መትቶ፣ ከዚያም ፕላስቲክ ነክቶ፣ በመጨረሻ መሬት የደረሰ ዕቃ ድምፁ ይለያል። ምንም ድምፅ ሳይሰማ የቀረ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በቱቦዎች ወይም በሽቦ እስር ላይ ተይዞ ይገኛል። መኪናውን መግፋትና መነቅነቅ ክልክል ነው፤ በቀላሉ ሊገኝ የነበረውን ዕቃ ወደ ባሰ ቦታ ይጥለዋል። ከዚያ የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ይፈታል። በረጅም ብረት የሚፈልግ ሰው የባትሪውን ፖዘቲቭና የሞተሩን አካል አንድ ላይ ቢነካ እሳት ይፈጠራል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማራገቢያ ያላቸው መኪናዎች ቁልፋቸው ከተዘጋ በኋላም ማራገቢያቸው በድንገት ሊዞር ስለሚችል ይህ ለእጅም ጥበቃ ነው። ሞተሩ ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ይጠበቃል።

ከሥር ንጹሕ ጆንያ ወይም ሸራ ይነጠፋል። በእጅ ባትሪና በትንሽ መስታወት ከላይም ከታችም ይታያል። ስልክ ያለው ሰው ካሜራውን ወደ ጠባቡ ቦታ አስገብቶ ፎቶ ቢያነሣ ዓይን የማይደርስበትን ያያል። ይህም ካልሆነ እኛ በጣም የምንወደው አንድ ዘዴ አለ፤ ከወደቀው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ዳዶ በጠንካራ ክር ታስሮ ከዚያው ቦታ ይለቀቃል። ሁለተኛው ዳዶ ተንከባልሎ የሚቆምበት ቦታ የመጀመሪያው የሄደበትን መንገድ ብዙ ጊዜ ያሳያል። ክሩ ግን በሚገባ መታሰር አለበት፤ አለዚያ ፍለጋው የሁለት ዳዶ ይሆናል።

ዕቃው ከታየ በኋላ ለማውጣት የሚያስፈልገው ዋና መሣሪያ ማግኔት ነው። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ እንደ አንቴና የሚሳብ ማግኔት በገበያ ይገኛል። ሆኖም ከወዳደቀ ዕቃ የሚወጣው ማግኔት በሚገባ ያገለግላል። እዚህ ላይ በአዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ስላለው ቆሼ መናገር ተገቢ ነው። ቆሼ ወይም ረጲ የሚባለው ቦታ ስፋቱ 36 ሔክታር ገደማ ሆኖ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ ነው። በዚያ ክምር ላይ ኑሯቸውን የመሠረቱ ሰዎች ብረቱን፣ አሉሚኒየሙን፣ መዳቡንና ነሐሱን ለይተው ለነጋዴ ሲሸጡ ኖረዋል። ቆራሌው ከየቤቱ የሚሰበስበውም ወደዚሁ ንግድ ይገባል፤ ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ያለው ክብ ጥቁር ማግኔትና ከኮምፒውተር ሐርድ ዲስክ የሚወጣው ትንሽ ቀጭን ማግኔት ለእኛ የሚጠቅሙት ናቸው። ሁለተኛው ከመጠኑ በላይ እጅግ ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ብዙው ዓይነት ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ኃይሉን እያጣ ስለሚሄድ ትኩስ ሞተር ላይ መጠቀም አይገባም።

ማግኔቱን ከነጋዴ መግዛት ነው እንጂ ማንንም ሰው ወደ ክምሩ መላክ አይገባም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ውስጥ የነበሩ ናቸው።

የሐርድ ዲስኩ ማግኔት በቀጭን የብረት ዘንግ ወይም በብስክሌት ጎማ ሽቦ ጫፍ ላይ ይታሰራል። ዘንጉ ራሱ የማግኔቱን ኃይል ስለሚያስተላልፍ በሌላው ጫፉ ትናንሽ ዕቃ ማንሣት ይችላል። ችግሩ ወደ ውስጥ ሲገባ ከየብረቱ ጋር እየተጣበቀ አልሄድ ማለቱ ነው። ይህን ለማስቀረት ዘንጉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍና ጫፉ ብቻ በጥቂቱ እንዲወጣ ይደረጋል። ዳዶው ሲያዝ በዝግታ መሳብ ያስፈልጋል። የቸኮለ ሰው በመጨረሻው ጠርዝ ላይ ይጥለዋል።

ማግኔት የማያነሣው ዕቃ መኖሩን የቆሼ ሰዎች ከብዙ መካኒኮች ይልቅ ያውቃሉ፤ የብረታ ብረት ዋጋ የሚለየው በዚሁ ነውና። ነሐስ፣ መዳብ፣ አሉሚኒየምና አብዛኛው የማይዝግ ብረት በማግኔት አይሳብም። ከኢንጀክተር ሥር የምትቀመጠው የመዳብ ሮንዴላ ከዚህ ወገን ናት። ለእንዲህ ያለው ዕቃ በእንጨት ጫፍ ላይ ወፍራም ግራሶ ቀብቶ ማጣበቅ፣ ወይም ሽቦ ቆልምሞ ማንጠልጠል ይሻላል። ማግኔቱ ደጋግሞ ባዶውን ሲመለስ ዕቃው የለም ብሎ ከመደምደም በፊት የወደቀው ከምን የተሠራ እንደነበር መጠየቅ ይገባል።

ዕቃው ከወደቀባቸው ቦታዎች ሦስቱን በተለይ እንፈራቸዋለን። የአየር ማስገቢያው፣ የካንዴላ ወይም የኢንጀክተር ቀዳዳውና የጥርሳሙ ቺንጊያ ክዳን ውስጥ ናቸው። በመጨረሻው ውስጥ የገባ ዳዶ ቺንጊያውን ጥርስ ሊያዘልለው ይችላል፤ በብዙ ሞተሮች ይህ ሲሆን ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ዕቃው ከእነዚህ በአንዱ መግባቱ ከተጠረጠረና ካልተገኘ ክዳኑን ወይም ማስገቢያውን መፍታት እንጂ ዕድልን መሞከር አይፈቀድም። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የሞተር እድሳት ግን የምርት ዘመን ሊያሳልፍ ይችላል። በኮምፕሬሰር አየር መንፋትም አንመክርም፣ ዕቃውን ወደ ጥልቅ ይገፋዋልና።

የልማት ሠራተኛው ለማኅበሩ ኦፕሬተር ሊያስለምደው የሚገባው ቀላል ነገር አለ። ማንኛውም ቀዳዳ እንደተከፈተ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ ጨርቁም እንደ ዳዶው ይቆጠር፣ ተረስቶ የሚቀር ጨርቅ ራሱ አየር ይዘጋልና። የተፈታው ሁሉ በአንድ ሣህን ይቀመጥና ከመፍታቱ በፊትና ከማሰሩ በኋላ ቁጥሩ በፓምፑ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ማግኔቱ፣ መስታወቱና ክሩ በአንድ ቆርቆሮ ሆነው ከፓምፑ ጋር ወደ መስኩ ይሂዱ። የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ የያዘው ሰው ገበያ በወጣበት ቀን ነው ዳዶ የሚወድቀው።