በረኛው ይውጣ ወይስ ይቆይ? የግብ ጠባቂነት ፊዚክስ

ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ የሚያልፍ ሰው የኳስ ክርክር ሳይሰማ መሻገሩ ያጠራጥራል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ጨዋታ በሚታይባቸው ቤቶችም እንዲሁ ነው። ከክርክሮቹ ሁሉ ቶሎ የማይበርደው ደግሞ በበረኛ ላይ የሚነሳው ነው። አጥቂ ሦስት ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ ይሞገሳል፤ በረኛ ዘጠኝ አድኖ አንዷ ብታመልጠው ግን ስሙ ለሳምንት ይነሳል። «ለምን አልወጣም?» ይላል አንዱ። «በመውጣቱ አይደል እንዴ የገባበት!» ይላል ሌላው። ሁለቱም የልምድ ዳኞች ናቸው፤ ሁለቱም አልለኩም። ክርክሩ ግን ሊለካ የሚችል ነው። ለዚህም ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የራቀ እውቀት አያስፈልግም።

ለአገራችን ተመልካች ጉዳዩ የቅርብ ትዝታ አለው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2005 ዓ.ም፣ ጥር 13 ቀን በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩይት ከዛምቢያ ጋር ስትጫወት፣ የሳላዲን ሰኢድን የፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነበት። የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ደግሞ የእኛው በረኛ ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ ኳሷን ለማራቅ ሲሞክር ከፍ ብሎ የተነሳው እግሩ ቺሳምባ ሉንጉን በመምታቱ በቀይ ካርድ ወጣ። ዘሪሁን ታደለ ተተካ፤ በአዳነ ግርማ ጎል ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታም ሲሳይ ባንጫ ከሜዳ ሲወጣ ተቀያሪ በማለቁ የመስክ ተጫዋቹ አዲስ ህንፃ ግብ ጠባቂ ሆኖ ቆመ። በአንድ ውድድር ሁለት በረኞች በቀይ ካርድ! ይህን «የችኮላ ውጤት» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከችኮላው በፊት ያለውን ስሌት ማየቱ ይበልጥ ያስተምራል ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ በረኛው ያለውን ጊዜ እንቁጠር። የግቡ ስፋት 7.32 ሜትር፣ ከፍታው 2.44 ሜትር፣ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡም ከግቡ መስመር 11 ሜትር ገደማ ይርቃል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 28 ሜትር ገደማ የምትከንፍ ኳስ ይህን ርቀት የምትጨርሰው በ0.39 ሴኮንድ ነው። ከዚህ ላይ ዓይን አይቶ፣ አእምሮ ወስኖ፣ ጡንቻ እስኪታዘዝ የሚያልፈው ጊዜ መቀነስ አለበት። ይህ ጊዜ በጤናማ ወጣት 0.2 ሴኮንድ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ነው።

አንባቢ ይህን በራሱ ላይ መሞከር ይችላል። አንድ ጓደኛ 50 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ጫፉን ይዞ ያንጠልጥል፤ እርስዎ ጣቶችዎን ከታችኛው ጫፍ አጠገብ ሳይነኩ ክፍት አድርገው ይጠብቁ፤ እሱ ሳይናገር ይልቀቀው። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ከያዙት 0.2 ሴኮንድ፣ 31 ሳንቲ ሜትር ላይ ከያዙት 0.25 ሴኮንድ ፈጅቶብዎታል። ስሌቱ በነፃ የሚወድቅ አካል የሚሄደው ርቀት ከጊዜው ካሬ ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል ከሚለው ሕግ የተወሰደ ነው። ሞባይል እያዩ ደግመው ይሞክሩት፤ ልዩነቱ ያስገርማል።

አጸፋው 0.22 ሴኮንድ ይፈጃል ብንል ለበረኛው 0.17 ሴኮንድ ይቀረዋል። ቆሞ እጁን ሲዘረጋ በየጎኑ አንድ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ከግቡ መሐል እስከ ቋሚው ግን 3.66 ሜትር ነው። ቀሪውን 2.66 ሜትር በ0.17 ሴኮንድ ለመሸፈን በሴኮንድ ከ15 ሜትር በላይ መፍጠን ይጠይቃል። ዩሴይን ቦልት ሙሉ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ እንኳ በሴኮንድ 12 ሜትር ያህል ነበር የሚሮጠው። እንግዲህ ማዕዘኗን ጠብቃ በኃይል የተመታችን ኳስ አይቶ ማዳን አይቻልም። በረኛው ገና ሳትመታ መገመት አለበት፤ የሚነበበውም ኳሷ ሳትሆን የመቺው ዳሌ፣ የቆመበት እግርና የመንደርደሪያው አቅጣጫ ነው።

ግምቱ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሚካኤል ባር-ኤሊና ባልደረቦቹ 286 የፍጹም ቅጣት ምቶችን መርምረው ባሳተሙት ጥናት፣ ከኳሶቹ ከአራት አንድ የሚበልጡት ወደ መሐል የተመቱ ሆነው ሳለ በረኞቹ መሐል ላይ የቆዩት ከመቶ 6 ያህሉን ጊዜ ብቻ ነበር። ቆሞ ጎል የገባበት በረኛ «ምንም አላደረገም» ይባላል፤ ተወርውሮ የገባበት ግን «ሞክሯል» ይባላል። በረኛውን ከመሐል የሚያስነሳው የእኛው ጩኸት ጭምር ነው።

አሁን ወደ «ውጣ!» እንመለስ። አጥቂ ከግቡ ፊት ለፊት በ16 ሜትር ርቀት ላይ ነው እንበል። በረኛው ወደ ኳሷ በቀረበ ቁጥር የሚሸፍነው ስፋት በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ ይጠብባል። አራት ሜትር ቢወጣ ከኳሷ 12 ሜትር ይርቃል፤ ስፋቱም ከ7.32 ወደ 5.49 ሜትር ይወርዳል። የወጣትነት ዘመኑን በሜዳ ያሳለፈ ተመልካች ሁሉ ይህን በልምድ ያውቃል። ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ሌላው ግማሽ ነው፤ ስፋቱ ሲጠብ ጊዜውም ያጥራል።

በሴኮንድ 28 ሜትር ለምትሄድ ኳስ እናስላው። መስመሩ ላይ ከቆየ ከአጸፋ በኋላ 0.35 ሴኮንድ ይቀረዋል፤ ቋሚው ጥግ ለመድረስም በሴኮንድ 7.6 ሜትር መወርወር አለበት። አራት ሜትር ከወጣ ግን 0.21 ሴኮንድ ብቻ ስለሚቀረው የሚያስፈልገው ፍጥነት ወደ 8.3 ሜትር ያድጋል። መውጣቱ ጎዳው ማለት ነው! ኳሷ በሴኮንድ 15 ሜትር የምትሄድ ቀስ ያለች ከሆነች ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቢቆይ 3.1 ሜትር፣ ቢወጣ 3.0 ሜትር በሴኮንድ ያስፈልገዋል። በሴኮንድ 20 ሜትር ላይ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ።

ይህ እኩልነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሁለት ርቀቶችን እናስብ። አንደኛው ኳሷ በአጸፋው ጊዜ ውስጥ የምትጓዘው ርቀት ነው። በሴኮንድ 20 ሜትር ሲሆን 4.4 ሜትር፣ በ28 ሲሆን 6.2 ሜትር ይሆናል። ሁለተኛው በረኛው ሳይወረወር፣ እጁን በመዘርጋት ብቻ ግቡን በሙሉ የሚሸፍንበት ከኳሷ ያለው ርቀት ነው። ከ16 ሜትር ለሚመታ ኳስ ይህም 4.4 ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ርቀት ከሁለተኛው ካነሰ መውጣት ያዋጣል። ከበለጠ ግን ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ መስመሩ አካባቢ መቆየት፣ ወይ ደግሞ ያለ ማመንታት እስከ ኳሷ አጠገብ መድረስ። ለኃይለኛ ምት ከሁሉ የከፋው ቦታ መንገድ ላይ ነው። ስምንት ሜትር ወጥቶ ቆም ያለ በረኛ በሴኮንድ 28 ሜትር ለምትመጣ ኳስ ከ12 ሜትር በላይ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ ይህም የቦልት ፍጥነት ነው። ወጥቶ ማመንታት ከመቅረትም ከመድረስም የሚያንሰው ለዚህ ነው። ጀማልም ሆነ ሌላ በረኛ ዘግይቶ ሲደርስ የሚቀረው ምርጫ አካሉን ማቅረብ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነው ካርዱ የሚመዘዘው፤ ጉዳቱም የሚመጣው።

(ከአናት በላይ የምትላክ ኳስን እዚህ አላስገባሁም። ሩቅ የወጣን በረኛ የሚቀጣው ይኸው ነው፤ ስሌቱን ለሚወድ ተማሪ ጥሩ የቤት ሥራ ይሆነዋል።)

መስቀል አደባባይ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መሆኑም ለበረኛው ለውጥ ያመጣል። በእኩል የሙቀት መጠን የአዲስ አበባ አየር እፍግታ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ኳሷን የሚጎትታት የአየር ግጭት በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሴኮንድ 28 ሜትር የተመታች ኳስ 20 ሜትር ስትጓዝ በዳሬ ሰላም ፍጥነቷ ወደ 21.5፣ በአዲስ አበባ ወደ 23 ሜትር በሴኮንድ ይወርዳል። የመድረሻ ጊዜዋ ልዩነት ከሦስት መቶኛ ሴኮንድ አይበልጥም። ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በዚያ ጊዜ ኳሷ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሄዳለች። የፋልሶ ምትም እንዲሁ ነው። የምትሽከረከር ኳስን ወደ ጎን የሚያጥፋት ኃይል ከአየሩ እፍግታ ጋር ስለሚመጣጠን በባሕር ዳርቻ ሦስት ሜትር የምትታጠፍ ቅጣት ምት በእኛ ከተማ ሁለት ሜትር ከሩብ ያህል ብቻ ትታጠፋለች። አዲስ አበባ ላይ የለመደ በረኛ ቆላ ወርዶ «ኳሷ ሸወደችኝ» ቢል ሰበብ ፈላጊ ነው ለማለት አልቸኩልም።

ኳሷ ደረሰች፤ አሁን ጥያቄው እጁ ምን ያህል ይቻላል የሚለው ነው። 0.43 ኪሎ ግራም የምትመዝን ኳስ በሴኮንድ 28 ሜትር ስትሄድ የእንቅስቃሴ ኢነርጂዋ 168 ጁል ይሆናል። ይህ ኢነርጂ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ከበረደ አማካይ ኃይሉ 840 ኒውተን ነው፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እጥፍ ይሆናል። ጎበዝ በረኛ ኳስ ሲይዝ እጁን ወደ ደረቱ የሚሰበስበው ይህን ርቀት ለማርዘም ነው። ጓንቱ ግጭትን ጨምሮ ኳሷ እንዳትሾልክ ያደርጋል፤ ከኃይሉም ጥቂት ይቀንሳል። ትልቁን ድርሻ የምትወስደው ግን ራሷ ኳሷ ናት፤ ስትመታ ትሰረጉዳለችና።

ይህ በደንብ የሚታየው በበረዶ ሆኪ ነው። በዚያ ጨዋታ በኳስ ፋንታ ፓክ የሚባል፣ እስከ 170 ግራም የሚመዝን ጠጣር የጎማ ዲስክ ይመታል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ኢነርጂውን ስናሰላው 168 ጁል፣ ከኳሳችን ጋር እኩል ነው! ሞመንተሙ እንዲያውም ያነሰ ነው፤ የኳሷ 12፣ የፓኩ 7.5 ኪሎ ግራም ሜትር በሴኮንድ ገደማ። ታዲያ የሆኪ በረኛ ከራስ እስከ እግር በመከላከያ የተጠቀለለው ለምንድን ነው? ፓኩ አይሰረጉድም፤ የሚያርፍበትም ቦታ ትንሽ ነው። አጥንት ላይ አርፎ በአንድ ሳንቲ ሜትር ቢቆም አማካይ ኃይሉ ወደ 17,000 ኒውተን ይጠጋል። አምስት ሳንቲ ሜትር የሚታመቅ መከላከያ ይህን በአምስት ይከፍለዋል፤ በሰፊ ቦታም ይበትነዋል። እንዲህም ሆኖ የሞንትሪያሉ በረኛ ዣክ ፕላንት እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1959 በኒውዮርክ ፊቱን በፓክ ተመትቶ ከተሰፋ በኋላ ጭምብል አድርጎ እስኪመለስ ድረስ፣ በታላቁ ሊግ በረኞች ባዶ ፊታቸውን መቆማቸው የተለመደ ነበር። ጭምብል የፍርሃት ምልክት ነው የሚል አመለካከት ነበርና።

በእግር ኳስ ተመሳሳዩን ታሪክ ያየነው በፒተር ቼክ ነው። የቼልሲው በረኛ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2006 ከሬዲንግ ጋር ሲጫወት ጭንቅላቱ በተጋጣሚ ጉልበት ተመትቶ የራስ ቅሉ ተሰበረ። ሲመለስ ያጠለቀውን ለስላሳ የራስ መከላከያ እስከ ጨዋታ ዘመኑ ፍጻሜ አላወለቀውም። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ስፖንጅ የቅል ስብራትንና መተርተርን ይቀንሳል። አእምሮን የሚያናውጠው ጉዳት ግን በአብዛኛው የሚመጣው ጭንቅላት በድንገት ሲዞር ስለሆነ፣ ይህን ለስላሳ መከላከያ ብዙም አይገታውም። ስለዚህ ራሱን ተመትቶ የተደናገረ፣ ያጥወለወለው ወይም የሆነውን የረሳ ተጫዋች መከላከያ ቢኖረውም ባይኖረውም ከጨዋታው ወጥቶ ሐኪም ሊያየው ይገባል። «ውሃ አፍስሱበት፣ ይነሳል» የሚለው የሰፈር ሕክምና እዚህ አይሠራም። የዓለም የጨዋታ ሕግ አውጪው አካልም እ.ኤ.አ. በ2024 ለዚህ ጉዳት ብቻ የሚውል ተጨማሪ ቅያሪን በሕጉ ውስጥ አስገብቷል።

ይህ የሚያሳስበኝ ስለ ትልልቅ ሜዳዎች ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ልጆች ሁለት ድንጋይ ተክለው በረኛ የሚያቆሙት አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ላይ ነው። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ መንገድ ለሰው በሚባሉት እሑዶችም ወጣቶች በመስቀል አደባባይ ዙሪያ በሮለር ስኬትና በስኬትቦርድ ሲከንፉ አይተናል፤ አብዛኞቹ ባዶ ራሳቸውን። ከ1.5 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ጭንቅላት መሬት ሲደርስ በሴኮንድ 5.4 ሜትር ይፈጥናል። አስፋልት ላይ በሁለት ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም የሚደርስበት የፍጥነት ለውጥ መጠን ከመሬት ስበት 750 ጊዜ ይበልጣል። ሁለት ሳንቲ ሜትር በሚታመቅ ሄልሜት ውስጥ ከሆነ 75 ጊዜ ነው። የሄልሜቱ ውስጣዊ ፎም ይህን የሚያደርገው ራሱ እየተደቀቀ ስለሆነ፣ ከአንድ ከባድ ግጭት በኋላ ከውጭ ደህና ቢመስልም ለሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሰጥም፤ ያገለገለ ሄልሜት የሚገዛ ሰው ከቀለሙ ይልቅ ይህን ፎም በጣቱ ተጭኖ፣ የተሰነጠቀ ወይም የሰረጎደ ቦታ እንዳለበት መመርመር አለበት።