ሰፈር ሲጠጋጋ ነዋሪው ምን ያሰጋዋል?

ባለፈው ሳምንት በኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ተሰጥቶን ነበር። «ከተማ ሲያድግ ሕዝቡ ወዴት ይሄዳል?» የሚል ነው። አብዛኞቻችን ሳናመነታ «ወደ ላይ! ፎቅ ይሠራ፤ የሚቃወም ካለ ለውጥ ያልገባው ነው» አልን። ቤቱ እዚሁ ሰቆጣ የሆነ ጓደኛችን ግን ተነሣና «እናቴ ለውጥ ገብቷታል፤ የጠላ ጋኗን ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ያወጣላታል?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህራችን ግን አልሳቁም፤ «መልሱን ጽፋችሁ አምጡ» አሉን። ይህ ጽሑፍ የዚያ የቤት ሥራ ውጤት ነው።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንረዳ። ጥግግት ማለት በተወሰነ መሬት ላይ የሚኖረው የሰው ወይም የቤት ብዛት ነው። መዋቅራዊ ፕላን የከተማው መሬት የትኛው ለመኖሪያ፥ የትኛው ለንግድ፥ የትኛው ለመንገድ እንደሚውል ያመለክታል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ አንድ ሰፈር ወርዶ ዝርዝሩን፥ የቤቱን ከፍታ ጭምር፥ ይወስናል። ካርታው ላይ ቀለም ሲቀየር እንግዲህ የነዋሪው ኑሮም አብሮ ይቀየራል።

ታዲያ ማጠጋጋት ለምን አስፈለገ? በስሌት እንየው። 1 ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ለመንገድና ለክፍት ቦታ 3,000 ብንተው 7,000 ይቀራል። ለአንድ ቤት 250 ካሬ ሜትር ብንሰጥ 28 ቤተሰብ ይኖርበታል። በዚያው መሬት 2,400 ካሬ ሜትሩን ብቻ ይዘን ባለ 5 ወለል ሕንጻ ብንሠራ ግን የወለሉ ስፋት 12,000 ይሆናል፤ ደረጃውን ጨምሮ ለአንድ ቤት 60 ካሬ ብናስብ 200 ቤተሰብ ያስጠልላል። የመንገዱና የቧንቧው ርዝመት ያው ነው። እንደ ዋግ ኽምራ ባለ ተራራማና የእርሻ መሬት በጠበበበት አገር ከተማ በማሳ ላይ ቢሰፋ ተጎጂው ገበሬው ነው። ስለዚህ ማጠጋጋት በቂ ምክንያት አለው።

ይሁን እንጂ ስሌቱን ገልብጠን እንየው። አንድ ቤተሰብ በቀን 3 ጀሪካን፥ ማለትም 60 ሊትር ቢጠቀም፥ 28ቱ ቤተሰብ 1,680 ሊትር፥ 200ው ግን 12,000 ሊትር ይፈልጋሉ። የመጸዳጃው ፍሳሽም እንደዚያው ይጨምራል። እንግዲህ «ውሃው ሳይመጣ ሕዝቡ ለምን ይመጣል?» የሚል ነዋሪ ሒሳብ ያውቃል እንጂ ለውጥ አይጠላም።

የአዲስ አበባ ልምድ ብዙ ያስተምረናል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ በመሐል ከተማ ብዙው ሰው የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆኖ ኖረ። በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በሰፊው ተጀመረ። እንደ ልደታ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው በቦታቸው ፎቅ ቆመ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈረሰ። ብዙ ሰው ውሃና መጸዳጃ ያለው ቤት አገኘ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወርኃዊ ክፍያውን ያልቻለው ግን ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ገባ፤ ወደ ከተማው ዳር የሄደውም ከሥራውና ከገበያው ራቀ።

ከዚህ ተነሥተን የነዋሪውን ስጋት በሦስት ከፈልነው።

ሀ) ግቢ። ግቢ ባዶ ቦታ ይመስላል እንጂ የሥራ ቦታ ነው። ጠላ ይጠመቅበታል፤ እህል ይሰጣበታል፤ ዶሮ ይረባበታል፤ ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን ይተከልበታል። በኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ለእርድ፥ ለልብስ አጠባና ለመሳሰለው የጋራ መገልገያ ቤት የተሠራው ይህ ችግር ስለታየ ነው። ስጋት ከተሰማ ፕላን ይታረማል ማለት ነው።

ለ) ዕድርና ጉርብትና። ዕድር የሚቆመው በሰዎች መቀራረብ ነው። አንድ ሰፈር በዕጣ ሲበተን ቀባሪውም አብሮ ይበተናል።

ሐ) መብት። «ቤቴ ሲፈርስ ምን አገኛለሁ?» የሚለው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲያወያዩአቸው፥ መልሶ በሚለማ ቦታም ባለይዞታዎች በግል ወይም በቡድን ሆነው በፕላኑ መሠረት የማልማት ቅድሚያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል። ያላነበበ ሰው ግን መብቱን በምን ያውቃል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። ስጋት ሁሉ ትክክል አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ ከአበርገሌና ከሌሎችም ቦታዎች የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ወደ ሰቆጣና አካባቢው መጥተው ተጠልለዋል። «ሰፈራችን ሞልቷል» የሚል ቃል አንዳንዴ በር መዝጊያ ይሆናል። ስለዚህ የሚሰጋውን ሰው «ከምን ትሰጋለህ? ከውሃ እጥረት ነው ወይስ ከሰው?» ብለን መጠየቅ አለብን። ለመጀመሪያው ውሃ ይፈለግለታል፤ ለሁለተኛው ምክር ያስፈልገዋል።

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ወደየቀበሌው ስንወጣ ምን እናድርግ? ፕላን ከጸደቀና መሠረቱ ከተቆፈረ በኋላ የሚነሣ ስጋት እሮሮ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ከመጽደቁ በፊት የተነሣ ግን መሐንዲሱ እርሳሱን እንዲያነሣ ያደርገዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለም? የስብሰባ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ማንበብ ለማይችሉት እናነብላቸዋለን፤ በአማርኛ የተጻፈውን ኽምጥኛ ለሚናገሩት በኽምጥኛ እንዲነገራቸው እንጥራለን። ተማሪዎቻችንም በቤታቸው ግቢ በአንድ ቀን የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ቆጥረው እንዲጽፉ እናደርጋለን። ያ ዝርዝር ለስብሰባው ጥሩ ማስረጃ ነው።

የጓደኛችን እናት ጋንስ? መልሳችን ይኸው ነው፦ ጋኑ አራተኛ ፎቅ አይወጣም። ምድር ላይ የጋራ መጥመቂያ ቤት ይሠራለት፤ ጥያቄውም ፕላኑ ገና ወረቀት ላይ ሳለ በራሳቸው በእናታችን አንደበት ይቅረብ። ያን ቀን በመሳቃችን ጓደኛችንን ይቅርታ ጠይቀነዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. በምታውቁት ሰፈር በ1 ሄክታር ስንት ቤት አለ? ቁጠሩ።
2. ቤቶቹ በሦስት እጥፍ ቢጨምሩ በመጀመሪያ የሚያንሰው ምንድን ነው?
3. ከነዋሪው ስጋት የትኛው በፕላን፥ የትኛው በካሳ፥ የትኛው በምክክር ይፈታል?