ኮምፒዩተር በፕሮሰስ ብዛት ሲታፈን ስለሚደረግ ምርመራ

ፕሮሰስ የሚባለው በኮምፒዩተር ውስጥ የተጀመረ ሥራ ነው፤ እርሱም ሌሎችን ይወልዳል፥ ይህም ነውር የለበትም። ነገር ግን ያለ ልክ ቢወልድ ማሽኑ ታፍኖ ይቆማል።

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በኖቬምበር 2 ቀን 1988 በአሜሪካ ሮበርት ሞሪስ የሚባል ተማሪ የለቀቀው ፕሮግራም ይህንኑ አደረገ። ወደ ማሽን ሲገባ ቀድሞ የገባ ብጤው መኖሩን ይጠይቅ ነበር፤ ሆኖም «አለ» ቢባልም ከሰባት ጊዜ አንዱን መልሱን ንቆ ይቀመጥ ነበር። ሰባተኛ እጅ ጥቂት ይመስላል፤ ዳሩ ግን እየተደራረበ ለማፈን በቃ። ማሽኑን አጥፍተው ቢያስነሡትም የገባበት በር ስላልተዘጋ ተመለሰ።

ስለዚህ መርማሪው የፕሮሰሶቹን ዝርዝር ተመልክቶ አስቀድሞ ወላጁን ይፈልግ። ልጆቹን አንድ በአንድ ቢገድል በሞተው ፈንታ ሌላው ይወለዳልና፥ ወላጁን ያስቁም፤ ከዚያ በኋላ የቀሩትን ያጥፋ። በሊኑክስ ማሽን ደግሞ ዩሊሚት በሚባለው ትእዛዝ አንድ ተጠቃሚ የሚያስነሣውን የፕሮሰስ ቁጥር አስቀድሞ መወሰን ይቻላል።