ስለ ልጅ ስም አወጣጥ

በኢትዮጵያ አገር ለልጅ የሚወጣው ስም ብዙ ጊዜ ትርጉም አለው። ስሙን የሰማ ሰው ልጁ በተወለደ ጊዜ በቤቱ የሆነውን ነገር ሊያውቅ ይችላል። ልጅ ሞቶባቸው ያዘኑ ወላጆች ኋላ የተወለደውን ካሳ ወይም ምትኩ ይሉታል፤ ኀዘናቸውን እንዲያስረሳቸው ሲሹም ማስረሻ ይሉታል። አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ያለቻቸው ሰዎች ብዙነሽ ቢሏት፥ ይህች አንዲቱ እንደ ብዙ ትቆጠርልናለች ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለ ስም ከወርቅ ጌጥ ይበልጣል።

ከዚህ ሌላ የክርስትና ስም አለ። ወንድ በ40 ቀን፥ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ገብረ ሚካኤል ወይም ወለተ ማርያም የመሰለ ስም ይሰጣቸዋል፤ በጸሎትና በፍትሐት የሚጠራው ይህ ነው። ወላጆች በመምረጥ የሚደክሙት ግን መንደሩ ሁሉ በሚጠራው በዓለሙ ስም ነው።

ስም የሚለወጥበት ጊዜም አለ። በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት አስቀድሞ ስማቸው ካሳ ነበረ፤ በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው የነገሡትም እንዲሁ ካሳ ይባሉ ነበር። በ1884 ዓ.ም. የተወለዱት ተፈሪ መኰንንም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲደፉ የተጠሩት በክርስትና ስማቸው በኃይለ ሥላሴ ነው። የገበሬ ልጅ ግን ዘውድ አይደፋምና አባቱ ያወጣለትን ስም እስከ መቃብር ይዞት ይሄዳል። ስሙም ከመቃብር አልፎ ይኖራል። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ የቤተ ሰብ ስም በኢትዮጵያ ልማድ የለም፤ ሰው ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱን ስም ይጠራል። ስለዚህ ዛሬ ለሕፃኑ የወጣው ስም ነገ ለሕፃኑ ልጆች የአባት ስም ይሆናል።

በቀድሞ ዘመን ይህን ያላሰበ አንድ ገበሬ ነበረ። ታናሽ ወንድሙ በድንበር ጠብ ተገድሎበት ነበር፤ የገዳዩም ዘመዶች ከወንዝ ማዶ ይኖሩ ነበር። ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው አስታረቁ፤ የደም ካሳም በከብት ተከፈለ። ገበሬው ግን በአፉ ታረቀ እንጂ በልቡ አልታረቀም ነበር። ሚስቱ ፀንሳ የመውለጃዋ ወራት በቀረበ ጊዜ፥ «ወንድ የሆነ እንደ ሆነ ስሙ ደመላሽ ይባላል» አላት። ደመላሽ ማለት የፈሰሰውን ደም የሚመልስ፥ የሚበቀል ማለት ነው። (ይህ ስም ዛሬም አለ፤ በዚህ ስም ከሚጠሩት ሰዎች ብዙዎቹ በማንም ላይ ክፉ የማያስቡ ናቸው።)

ሚስቱም ደንግጣ፥ «ካሳ ብንለውስ?» አለችው።

«ካሳማ በከብት ተከፈለኝ፤ የወንድሜን ነገር ግን አልረሳሁትም። ከማዶ ያሉት ሰዎች ልጄ በተጠራ ቁጥር ይስሙት» አለ።

«ጌታዬ፥ ስሙን የሚያወጡት እርስዎ ነዎት፤ ስሙን ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርደው ግን ልጁ ነው። ከብት ሊያጠጣ በወረደ ጊዜ ደመላሽ ብለን ስንጠራው ከማዶ ያሉት ዝም ብለው ይሰሙናልን? እነርሱስ ለሚወለደው ልጃቸው ምን ስም ያወጡለት ይሆን?»

ባልየው ተቈጥቶ ወጣ። ብዙ ቀን እርሱ ያንኑ ስም፥ እርስዋም ሌላ ስም ሲያነሡ ሰነበቱ። ሁለቱም በየፊናቸው እውነት ነበራቸው፤ እርሱ የሞተው ወንድሙ እንዳይረሳ፥ እርስዋም ገና ያልተወለደው እንዳይሞት ያስቡ ነበርና።

የገበሬው እናት በዕድሜ ያረጁ ሴት ነበሩ። ክርክሩን በምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ሲሰሙ ሰንብተው አንድ ቀን ማታ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፥ የሞተው ለአንተ ወንድምህ ነው፤ ለእኔ ግን ከማኅፀኔ የወጣ ልጄ ነው። ለዚህ ጠብ አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ የልጅ ልጅ አልጨምርበትም። ወንድ ከሆነ ዕርቅይሁን በሉት።»

ገበሬው መልስ አልሰጠም። ሚስቱን እምቢ ያለ ሰው እናቱን እምቢ ለማለት አፈረ። ሚስቱ ወንድ ልጅ በወለደች ጊዜ ጎረቤቶች እልል ብለው ስሙን ማን እንዳሉት ጠየቁ፤ አባቱም ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ፥ «ዕርቅይሁን» አለ።

ልጁ አድጎ ጥጃ ጠባቂ ሆነ። ሲመሽ እናቱ ከደጅ ቆማ፥ «ዕርቅይሁን! ዕርቅይሁን!» እያለች ስትጣራ ድምፅዋ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። የገዳዩ እናት ውኃ ለመቅዳት ወርዳ ይህን ስም በሰማች ጊዜ እንስራዋን አስቀምጣ ታዳምጥ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን የልጁ ጥጃ ወንዙን ተሻግሮ ጠፋ፤ ልጁም ዳር ቆሞ ሲያለቅስ ያች አሮጊት ጥጃውን ፈልጋ እየነዳች እስከ መሻገሪያው ድረስ አመጣችለት። አባቱ ከዐውድማው ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ አየ። መንሹን መሬት ላይ አኖረና ወደ ወንዙ ዳር ወርዶ፥ ለአሮጊቲቱ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።